ከኮምቦልቻ በቦሌ በኩል ወደ ባሕር ማዶ፦ የአንድ ትኬት ጉዞና የአጭር ትራንዚት ነገር

ከደሴ ወይም ከኮምቦልቻ ተነስቶ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው በፊቱ ሁለት ምርጫ አለ። አንደኛው በአውቶቡስ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት አድሮ፣ በማግስቱ ከቦሌ መሳፈር ነው። ሁለተኛው ከኮምቦልቻ አየር ማረፊያ ተነስቶ ቦሌ ላይ ወደ ዓለም አቀፉ በረራ መሸጋገር ነው። ይህ ግምገማ ስለ ሁለተኛው፣ በተለይም ከኮምቦልቻ እስከ መጨረሻው ከተማ በአንድ ትኬት ስለሚቆረጠው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ጉዞ ነው። በመሄጃም በመመለሻም ተጠቅሜበታለሁ፤ ቤተሰቦቼንም አሳፍሬበታለሁ። ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር፦ በመሄጃው እጅግ የሚያረካ ጉዞ ነው፤ በመመለሻው ግን የትራንዚቱ፣ ማለትም በሁለቱ በረራዎች መካከል ያለው ቆይታ፣ ሰዓት ታስቦበት ካልተመረጠ ሰውን ያስጨንቃል።

ከደሴ ፒያሳ እስከ አየር ማረፊያው ያለው መንገድ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ተከትሎ የሚወርድ ሲሆን 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከባድ መኪኖች ዳገቱ ላይ ካልተደራረቡ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይደረሳል። በከሚሴ፣ በሸዋ ሮቢት፣ በደብረ ሲናና በጣርማ በር በኩል ሙሉ ቀን ከሚፈጀው የአውቶቡስ ጉዞ ጋር ሲያስተያዩት፣ በዕድሜ ለገፋ ሰው፣ ሕፃን ለያዘች እናትና ለታመመ መንገደኛ ልዩነቱ ከባድ ነው። በረራው ራሱ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። የኮምቦልቻ አየር ማረፊያ ትንሽ መሆኑም እንደ ጉድለት ሊታይ አይገባም፤ ሰልፉ አጭር ስለሆነ ካውንተር ላይ ያለው ሠራተኛ መንገደኛውን ረጋ ብሎ ለማነጋገር ጊዜ ያገኛል፤ ለትራንዚት መንገደኛ ደግሞ ከዚህ የበለጠ የሚጠቅም ነገር የለም።

በአንድ ወቅት ለዑምራ ወደ ጅዳ የሚሄዱ አንዲት እናት ከፊቴ ተሰልፈው ነበር። ሠራተኛዋ ሁለት ቦርዲንግ ፓስ (የመሳፈሪያ ወረቀት) አትማ፣ በአንደኛው ላይ በእስክሪብቶ «1»፣ በሌላው ላይ «2» ብላ ጽፋ ሰጠቻቸው። «ሻንጣዬን አዲስ አበባ ላይ ማን ያወርድልኛል ልጄ?» ብለው ጠየቋት። «አዲስ አበባ ላይ አይረከቡትም እማማ፤ ይዩት፣ እዚህ ላይ የተጻፈው ጅዳ ነው። ጅዳ ደርሰው ነው የሚወስዱት» አለችና የሻንጣውን ታግ፣ ማለትም ሻንጣው ላይ የሚታሰረውን መለያ ወረቀት፣ ዘርግታ ፊደሎቹን በጣቷ አሳየቻቸው። እናትየው ማንበብ ባይችሉም የፊደሎቹን ቅርጽ አተኩረው አዩና የታጉን ቁራጭ ከፓስፖርታቸው ጋር አጥፈው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። አንድ መንገደኛ ከትራንዚት በፊት ማወቅ የሚገባው ዋናው ነገር በዚያች ደቂቃ ተነገራቸው።

ታጉን ማንበብ ለማንም የማይከብድ፣ ግን ብዙዎች የሚያልፉት ጉዳይ ነው። በዓለም አቀፉ የአየር ማረፊያዎች መለያ ኮምቦልቻ የሚታወቀው በደሴ ስም ነው፤ ሦስቱ ፊደሎች ዲ፣ ኤስ፣ ኢ ናቸው። ቦሌ ኤ፣ ዲ፣ ዲ ነው፤ ጅዳ ጄ፣ ኢ፣ ዲ ነው። ታጉ ላይ በጉልህ የሚጻፈው ሻንጣው የሚወርድበት የመጨረሻ ቦታ ስለሆነ፣ እዚያ ላይ የመጨረሻው ከተማ ካልታየ ሻንጣው ቦሌ ላይ ተወስዶ እንደገና መመዝገብ አለበት ማለት ነው። በሁለት ሰዓት ትራንዚት ውስጥ ይህን አለማወቅ በረራ ያሳልፋል። ስለዚህ ካውንተሩን ከመልቀቅ በፊት «ሻንጣዬ እስከ የት ነው የተመዘገበው?» ብሎ መጠየቅና መልሱን ከታጉ ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል።

አንድ ትኬት ስንል ሁሉም በረራዎች በአንድ የቡኪንግ ቁጥር፣ ማለትም ፊደልና አኃዝ በተቀላቀለበት ባለ ስድስት ምልክት መለያ ሥር የተያዙበትን ማለታችን ነው። የዚህ አገልግሎት ትልቁ ዋጋም ያለው እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ቀጣዩ ቢያመልጥ፣ መንገደኛውን በሚገኘው ቀጣይ በረራ ወደ መድረሻው የማድረስ ኃላፊነት የአየር መንገዱ ይሆናል፤ ሌላ ትኬት ግዛ አይባልም። የአገር ውስጡና የውጭው በረራ በየፊናቸው በተቆረጡ ጊዜ ግን ሁለተኛው አየር መንገድ የሚያውቀው መንገደኛው በሰዓቱ አለመቅረቡን ብቻ ነው። ጉሙም፣ መዘግየቱም፣ የመንገደኛው ጥድፊያም ከእሱ ጋር አይገናኝም። በኪሎ ረገድም ልዩነት አለ፤ ለብቻው በተቆረጠ የአገር ውስጥ ትኬት የሚፈቀደው ጭነት ከዓለም አቀፉ ያነሰ ስለሆነ፣ ባሕር ማዶ የሚያስኬድ ሻንጣ ኮምቦልቻ ላይ ሲመዘን ትርፍ ኪሎ ያስከፍላል።

ይህን በቤተሰባችን የደረሰ ነገር በደንብ ያሳያል። የአክስቴ ልጅ ለሥራ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገር ስትሄድ አንድ ትኬት ቢሮ ሁለት የተለያዩ ትኬቶችን ሸጠላት፤ ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ ያለውን ለብቻው፣ ቀጣዩን ደግሞ በአንድ የውጭ አየር መንገድ ለብቻው። በመካከላቸው የነበረው ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ለብቻቸው መሆናቸውን ማንም አልነገራትም፤ ወረቀቶቹ በአንድ ፖስታ ገብተው ስለተሰጧት አንድ ጉዞ መስሏታል። ጠዋት ኮምቦልቻ ላይ ጉሙ እስኪገለጥ በረራው ቆየ፤ እሷ ቦሌ ስትደርስ የሁለተኛው በረራ ካውንተር ተዘግቶ ነበር። ትኬቱ ተቃጠለ፤ ቤተሰቡ ተዋጥቶ ሌላ ገዛላት። በሁለቱ ትኬቶች የተቆጠበው ገንዘብ ከተቃጠለው ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ለመንገደኛ እንዲህ ያለ ትኬት የሚሸጥ ሰው ቢያንስ «እነዚህ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ቢዘገይ ሌላው አይጠብቅሽም» ብሎ የመናገር ግዴታ አለበት ብዬ አምናለሁ። ትኬት ቆራጭ ይህን ሳይናገር ሲቀር የሚጎዳው በብድር ወይም ከብት ሸጦ የሚሄድ ሰው ነው፤ ስለዚህ ነገሩን አቃልዬ ማየት አልችልም።

አንድ ትኬት የራሱ ግዴታ እንዳለውም መታወቅ አለበት። ብዙ ሰው ከኮምቦልቻ የሚነሳ ትኬት ቆርጦ፣ አዲስ አበባ የሚፈጽመው ጉዳይ ሲገጥመው ከሁለት ቀን በፊት በአውቶቡስ ይሄድና «የቀረብኝ የአገር ውስጡ ብቻ ነው፤ ከቦሌ ያለውን እሳፈራለሁ» ይላል። ይህ አይሆንም። መንገደኛው ሳያስታውቅ ከመጀመሪያው በረራ ሲቀር ተከታዮቹ በሙሉ፣ የመመለሻውም ጭምር፣ በራሳቸው ጊዜ ይሰረዛሉ። ዕቅድ የተለወጠበት ሰው ከበረራው በፊት ወደ ትኬት ቢሮው ሄዶ ወይም ወደ አየር መንገዱ ደውሎ ጉዞው ከአዲስ አበባ እንዲጀምር ማስለወጥ አለበት።

አጭር ትራንዚት ምን ያህል ነው ለሚለው ጥያቄ ሰው ሁሉ በሰዓት መልስ ይፈልጋል። እያንዳንዱ አየር ማረፊያ ዝቅተኛ የመሸጋገሪያ ጊዜ የሚባል ወሰን አለው፤ የትኬት ሥርዓቱ ከዚያ ወሰን በታች የሆነ ቅብብል በአንድ ትኬት አይሸጥም። ለምሳሌ የፍራንክፈርት ወሰን 45 ደቂቃ መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን ይህ ወሰን ሁሉ ነገር በሰዓቱ ሲሄድ፣ መንገዱን ለሚያውቅና ፈጥኖ ለሚራመድ ሰው የወጣ ነው። ከእኛ አካባቢ ለሚነሳ መንገደኛ ከደቂቃው ቁጥር ይበልጥ ሦስት ነገሮች መታየት አለባቸው፦ በመካከል ፓስፖርት ማስመታት፣ ሻንጣ መረከብና ተርሚናል መቀየር ይኖር እንደሆነ፤ ቀጣዩ በረራ ቢያመልጥ ሌላው የሚነሳው ስንት ሰዓት ቆይቶ እንደሆነ፤ ሦስተኛም በመዘግየቱ የሚጠየቀው ማን እንደሆነ። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል። በየሰዓቱ በረራ ወዳለበት ከተማ የሚሄድ ሰው አንድ ሰዓት ትራንዚት ይዞ ቢያመልጠው ከጥቂት ሰዓት በኋላ ይሄዳል። ወደ ኮምቦልቻ ግን በቀን የሚደረጉት በረራዎች በጣት የሚቆጠሩ ስለሆኑ፣ በአሥር ደቂቃ ያመለጠ በረራ ሌሊት ሊያሳድር ይችላል።

በመሄጃው ይህ ብዙም አያሰጋም። ከኮምቦልቻ የመጣ መንገደኛ የሚወርደው በቦሌ የአገር ውስጥ ተርሚናል ነው፤ ወደ ዓለም አቀፉ ተርሚናል ያለው ርቀት በእግር የሚኬድ ነው። መግቢያው ላይ ፍተሻ አለ፤ ከዚያ ኢሚግሬሽን፣ ከዚያ ጫማና ቀበቶ የሚያስወልቀው ሁለተኛ ፍተሻ፣ በመጨረሻም ጌቱ (የመሳፈሪያው በር) ይመጣል። የዓለም አቀፉ ተርሚናል ማስፋፊያ እ.ኤ.አ. በ2019 ሲመረቅ በዓመት የሚያስተናግደው መንገደኛ ከ7 ሚሊዮን ወደ 22 ሚሊዮን ከፍ እንደሚል ተነግሮ ነበር፤ የአዳራሹ ስፋት በእርግጥ ይታያል። ሆኖም የአየር መንገዱ በረራዎች ቦሌ ላይ የሚነሱትና የሚያርፉት እንደ ማዕበል በተወሰኑ ሰዓታት ተከማችተው ነው፤ ወደ አውሮፓ፣ ወደ አሜሪካና ወደ ሩቅ ምሥራቅ የሚሄዱት በአብዛኛው ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ግድም ተከታትለው ስለሚነሱ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ሰልፉ ይረዝማል። በሁለት ሰዓት ትራንዚት የመጣ ሰው ሰልፉ መሐል ይገባል፤ አራት ሰዓት ያለው ግን ሰልፉ ሳይጀመር አልፎ ጌቱ አጠገብ ተቀምጦ ይጠብቃል።

ለዚህ ነው በመሄጃው ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት የሚሆነውን ትራንዚት የምመርጠው። አንዳንድ ጊዜ የኮምቦልቻው በረራ ጠዋት ሆኖ ቀጣዩ እኩለ ሌሊት ላይ ይሆናል፤ ይህ ከአጭር ትራንዚት ወጥቶ ረጅም ቆይታ ስለሆነ፣ ሻንጣው እስከ መድረሻው የተመዘገበለት ሰው በዚያ ቀን ከተማ ወጥቶ ዘመዶቹን ተሰናብቶ ሊመለስ ይችላል። ለረጅም ትራንዚት የሚሰጥ የሆቴል መስተንግዶ እንደ ትኬቱ ዓይነትና እንደ ቆይታው ርዝመት ስለሚለያይ፣ ትኬቱ ሲቆረጥ መጠየቅ ነው እንጂ ቦሌ ደርሶ መከራከር አያዋጣም።

አሁን ወደ ሰዓት አቆጣጠሩ ልምጣ፤ ከደሴ ሰው በረራ የሚያሳልፈው ዋናው ምክንያት ከጉሙ ይልቅ ይህ ይመስለኛል። ትኬት ላይ የሚጻፈው የ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው፤ 13:20 ማለት በእኛ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከሃያ ነው። ይህን አብዛኛው ሰው ይለምደዋል። አስቸጋሪው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው ነው። ትኬቱ ማክሰኞ 00:45 ካለ፣ በእኛ አነጋገር ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ከአርባ አምስት ማለት ነው። በእኛ ዘንድ ቀኑ የሚለወጠው ሲነጋ ስለሆነ፣ «ማክሰኞ ሌሊት» የተባለ ሰው ማክሰኞ ውሎ፣ ማታ እራቱን በልቶ፣ ሻንጣውን ይዞ ይመጣል፤ በረራው ግን ከሃያ ሰዓታት በፊት ሄዷል። ከኮምቦልቻ ለሚነሳ ሰው ደግሞ ጉዳዩ የሰኞውን የአገር ውስጥ በረራ ጭምር ይመለከታል፤ ሰኞ ቀን ከቤት ያልወጣ ሰው የማክሰኞን 00:45 አያገኘውም። ጥሩ ትኬት ቆራጭ ከወረቀቱ ጎን በእኛ አቆጣጠር «ሰኞ፣ ኅዳር ይህን ያህል፣ ከቤት መውጫ ከጠዋቱ ይህን ያህል ሰዓት» ብሎ በእጁ ይጽፋል። ደሴ ውስጥ ይህን የሚያደርጉ ቢሮዎች አሉ፤ ደንበኛቸው ያደረገኝም ይኸው ሥራቸው ነው። በተጨማሪም ትኬቱ ላይ ያለው ሰዓት አውሮፕላኑ የሚነሳበት እንጂ ጌቱ የሚዘጋበት አይደለም፤ ጌቱ ቀድሞ ይዘጋል፤ ቦርዲንግ ፓሱ ላይ ያለውን የመሳፈሪያ ሰዓት ማየት ያስፈልጋል።

ከቦሌ ባሻገር ሌላ ትራንዚት ላለው ሰው ጥንቃቄው ይጨምራል። አሜሪካ ውስጥ ወደ ሌላ ከተማ የሚቀጥል መንገደኛ መጀመሪያ ባረፈበት ከተማ፣ ለምሳሌ ዋሽንግተን ዳለስ ላይ፣ ኢሚግሬሽን ካለፈ በኋላ ሻንጣውን ከቀበቶው አንሥቶ፣ በጉምሩክ አሳልፎ፣ መልሶ ለቀጣዩ በረራ ማስረከብ አለበት። ታጉ ላይ የመጨረሻው ከተማ ቢጻፍም ይህ አይቀርም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ከ2011 መጨረሻ ጀምሮ የስታር አሊያንስ የተባለው የአየር መንገዶች ኅብረት አባል በመሆኑ ከዳለስ በኋላ ያለው የአሜሪካው ዩናይትድ አየር መንገድ በረራ በዚያው ትኬት ሊቆረጥ ይችላል፤ ጥቅሙም ትልቅ ነው፤ ነገር ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትጓዝ እናት እዚያ ላይ ከሦስት ሰዓት በታች የሆነ ትራንዚት መግዛት በእሷ ላይ መፍረድ ነው። ለእናቶቻችን የዊልቸር አገልግሎት አስቀድሞ ማስያዝ ከሁሉ ይሻላል፤ መራመድ ቢችሉም እንኳ አገልግሎቱ አብሯቸው የሚሄድና መንገዱን የሚያውቅ ሰው ያስገኝላቸዋል። ዱባይ ላይ ደግሞ ተርሚናል 2 ከሌሎቹ ተነጥሎ በማኮብኮቢያው ወዲያኛው ወገን ስለሚገኝ፣ የሁለቱ በረራዎች ተርሚናል አንድ መሆኑን ሳያረጋግጡ አጭር ትራንዚት መቀበል አይገባም።

የትራንዚት ቪዛ ነገር ከሰዓቱ በፊት መታየት ያለበት ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው በሸንገን አገሮች (የጋራ የቪዛ ሥርዓት ባላቸው የአውሮፓ አገሮች) አየር ማረፊያ ውስጥ ከዓለም አቀፍ ወደ ዓለም አቀፍ በረራ ለመሸጋገር ብቻ እንኳ የአየር ማረፊያ ትራንዚት ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ኢትዮጵያ ዜጎቻቸው ይህ ቪዛ በሚጠየቁባቸው አገሮች የጋራ ዝርዝር ውስጥ ካሉት አንዷ ናት። የሚሠራ የአሜሪካ ወይም የካናዳ ቪዛ ያለው ከዚህ ነጻ ይሆናል። እንግሊዝም ተመሳሳይ የትራንዚት ቪዛ ትጠይቃለች። ርካሽ ነው ተብሎ በሁለት የአውሮፓ ከተሞች የሚያልፍ ትኬት ሲቀርብ ይህን ያላጣራ ሰው ከቦሌ ካውንተር ሊመለስ ይችላል። ከቦሌ በቀጥታ ወደ መድረሻው የሚሄደውን የማስቀድመው ለዚህም ጭምር ነው።

መመለሻው ግን ሌላ መልክ አለው፤ ነጥብ የምቀንስበትም እዚህ ላይ ነው። ከአውሮፓና ከአሜሪካ የሚመጡት በረራዎች በአብዛኛው ጠዋት ተከታትለው ያርፋሉ። አውሮፕላኑ ከተርሚናሉ ርቆ ከቆመ በአውቶቡስ መሄድ አለ። በአንድ ጊዜ የደረሱ የብዙ አውሮፕላኖች መንገደኞች ኢሚግሬሽኑ ላይ ይገናኛሉ። ከዚያ ሻንጣ መጠበቅ፣ ጉምሩክ፣ ከተርሚናሉ ወጥቶ ወደ አገር ውስጡ መሻገር፣ እንደገና ፍተሻ ይከተላል። የትኬት ሥርዓቱ ወሰኑን ጠብቆ ሁለት ሰዓት ያለውን ቅብብል ሊያቀርብ ይችላል፤ ሁሉ ነገር ከተሳካም ይደረስበታል። እኔ ግን አልመርጠውም። ቢያንስ አራት ሰዓት ያለውን፣ ካለም የከሰዓት በኋላውን የኮምቦልቻ በረራ እወስዳለሁ፤ በዚያ መካከል ቁርስ ተበልቶ፣ ሲም ካርድ ተስተካክሎ፣ ቤተሰብ ተደውሎለት በሰላም ይደረሳል።

ወቅቱም ይወስናል። በሐምሌና በነሐሴ የወሎ ተራሮች በደመናና በጉም ስለሚሸፈኑ የጠዋት በረራ ሊዘገይ ይችላል። በመስከረም ደግሞ አውሮፕላኑ በሰዓቱ ቢነሳም ቦታ ይጠፋል፤ መስከረም 21 የግሸን ማርያም ንግሥ ስለሆነ ከውጭም ከአዲስ አበባም የሚመጣው ምእመን ብዙ ነው፤ በረመዳንና በዒድ ሰሞንም እንዲሁ ነው። በእነዚህ ሰሞኖች አጭር ትራንዚት ይዞ ያመለጠው ሰው ትኬቱ ባይቃጠልበትም ባዶ ወንበር እስኪገኝ መጠበቁ አይቀርም፤ ለለቅሶ ወይም ለሠርግ ለሚመጣ ሰው ይህ ጉዞውን ዋጋ ያሳጣዋል። ለሠርግ የሚመጣ ሰው ከሠርጉ ዋዜማ የሚያደርስ ቅብብል አይግዛ፤ ሁለት ቀን ይቅደም።

ስለ ዕቃ አጭር ነገር ልበል። ማር፣ ቅቤና የተፈጨ አዋዜ በእጅ ሻንጣ አይያዝ፤ ፍተሻ ላይ እንደ ፈሳሽ ስለሚቆጠሩ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ አያልፉም፤ ሻንጣውን አስከፍቶ ማከራከሩ ብቻ የአጭር ትራንዚትን እኩሌታ ይበላል። በርበሬና ሽሮ በሚጫነው ሻንጣ በደንብ ታሽገው ይሂዱ። ከጅዳ የሚመለሱ ዘምዘም የሚያመጡ ከሆነ አየር ማረፊያው ላይ በካርቶን የታሸገውን ባለ 5 ሊትር ይግዙ፤ በራስ ዕቃ ቀድቶ ሻንጣ ውስጥ መክተት አይፈቀድም። መድኃኒት፣ የሐኪም ወረቀት፣ አንድ ቅያሪ ልብስና የተቀባዩ ስልክ ቁጥር በወረቀት ላይ ተጽፎ ከእጅ ሻንጣ አይለዩ። በአጭር ትራንዚት ሰው ደርሶ ሻንጣ ሊቀር ይችላል። ሻንጣ ያልደረሰለት ሰው ከአዳራሹ ሳይወጣ የጠፋ ዕቃ ቢሮ ሄዶ አስመዝግቦ ቁጥር መቀበል አለበት። ስለ ዓለም አቀፍ የአየር ጉዞ ተጠያቂነት በሚደነግገው በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ለተጎዳ ሻንጣ በ7 ቀን፣ ለዘገየ ሻንጣ ከተረከቡት ቀን ጀምሮ በ21 ቀን ውስጥ አቤቱታ በጽሑፍ መቅረብ አለበት፤ ይህ ካለፈ መብቱ ያበቃል።

ከአውሮፓ ለሚመጡ ወገኖች ትኬቱን እስከ ኮምቦልቻ አንድ የማድረግ ሌላ ጥቅም አለ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። ከአውሮፓ ኅብረት አገር የሚነሳ ማንኛውም በረራ የመንገደኞችን መብት በሚመለከተው የኅብረቱ ደንብ ቁጥር 261/2004 ይገዛል፤ አየር መንገዱ አውሮፓዊ ባይሆንም እንኳ። ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ጉዞ መንገደኛው ወደ መጨረሻው መድረሻው ከሦስት ሰዓት በላይ ዘግይቶ ከደረሰ 600 ዩሮ ካሳ ይገባዋል፤ ከአራት ሰዓት በታች ከሆነ በግማሽ ሊቀነስ ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ከበርሊን በካዛብላንካ በኩል ወደ አጋዲር በአንድ ትኬት በተጓዘች መንገደኛ ጉዳይ ሲወስን፣ መዘግየቱ የደረሰው ከአውሮፓ ውጭ ባለው ሁለተኛው በረራ ላይ ቢሆንም ጉዞው እንደ አንድ ይቆጠራል ብሏል። በዚህ መሠረት ከፍራንክፈርት ኮምቦልቻ በአንድ ትኬት የመጣ ሰው መዘግየቱ የሚለካው ኮምቦልቻ ላይ ነው። የአገር ውስጡን ለብቻው የቆረጠ ግን የሚለካለት ቦሌ ላይ ነው። ጉም፣ ማዕበልና ከአየር መንገዱ አቅም ውጭ የሆነ ምክንያት ካሳውን ቢያስቀርም፣ ምግብ፣ ማደሪያና ሌላ በረራ የማግኘት መብት አይቀርም።

ከአምስት ነጥብ ለመሄጃው አምስት፣ ለመመለሻው ሦስት እሰጣለሁ። የመመለሻው ነጥብ ከፍ የሚለው ወደ ኮምቦልቻ ከሚሄደው የከሰዓት በኋላ በረራ ጋር በተገናኘ ጊዜ ነው። ለሽማግሌ፣ ለሕፃን፣ ለሕመምተኛ፣ ለዑምራ ተጓዥና ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው ከኮምቦልቻ የሚነሳ አንድ ትኬት እንዲቆርጥ ያለ ማመንታት እመክራለሁ። በኤምባሲ ቀጠሮ፣ በሰነድ ማረጋገጫ ወይም በሥራ ስምሪት ጉዳይ የግድ ሁለት ሦስት ቀን አዲስ አበባ የሚቆይ ሰው ግን ከኮምቦልቻ የሚነሳ ትኬት ባይገዛ ይሻላል፤ አስቀድሞ በአውቶቡስ ወይም ለብቻው በተቆረጠ በረራ ይሂድ፤ የውጭ ትኬቱን ከአዲስ አበባ ያስጀምር፤ የመመለሻውን ግን እስከ ኮምቦልቻ ያስቆርጥ። እንዲህ ያለ ትኬት ይቻላል ወይ ብሎ የሚጠራጠር ሰው ትኬት ቢሮው ውስጥ «መሄጃው ከአዲስ አበባ፣ መመለሻው እስከ ኮምቦልቻ፣ በአንድ የቡኪንግ ቁጥር» ብሎ ይጠይቅ፤ ዋጋውንም ሁለት ለየብቻ ከሚቆረጡት ጋር በዚያው አስተያይቶ ይወስን።